ተራው የማን ነው?

እናቴ ሸዋ ሮቢትን አልወደደቻትም ነበር። አባቴ በሥራ ተዛውሮ በ1970 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ስንወርድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጣርማ በር ላይ ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ ስናልፍ ጉም ውስጥ ነበርን፤ ሁላችንም ተከናንበናል። ደብረ ሲና ላይ እናቴ ጋቢዋን አጠፈች፤ አርማኒያ ስንደርስ ሹራቧን አወለቀች፤ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ነጠላዋ እንኳ ከብዷት በእጇ ይዛዋለች። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወበቅ በጥቂት ሰዓት የሚያወርደው ያ መንገድ ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ ለእሷ ግን ስደት። «ለወባ ልትገብረን ነው» አለችው አባቴን። አባቴ ምን ይበል? ዝውውር የመንግሥት ነው።

ከተማዋ ያኔ የመጤ አገር ነበረች። የሮቢን ውኃ ጠልፎ ሽንኩርትና ጥጥ ሊያለማ ከመንዝ የወረደ፣ ከተጉለት የመጣ፣ እንደኛ ደመወዝ ተከትሎ የተሰደደ፣ የደሴ መንገድ ያስቀረው ሾፌርና ነጋዴ። በአባቱ ርስት ላይ የተቀመጠ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። እናቴ ለሁለት ወር ያህል ከእኛ በቀር ሰው ሳታናግር ቆየች ብል ብዙ አላጋነንኩም። በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴው ቤት ደጃፍ ቆመን ሳለ አንዲት ሴት መጥታ «እኅቴ፣ የየት አገር ሰው ነሽ?» አለቻት። ነገሩ በዚህ ተጀመረ። በወሩ በ21 ሴትየዋ ቤት የማርያም ጽዋ ነበር፤ እናቴ ተጠርታ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ባሏ ተዛውሮ ከተማውን ስትለቅ ቦታዋ ለእናቴ ተሰጠ። ወባው አልቀረም፤ ክረምቱ ሲወጣ ያዛት። አንዷ አጥሚት ይዛ ስትገባ፣ ሌላዋ ውኃ ቀድታ፣ ሦስተኛዋ እኔንና እኅቴን ወስዳ አብልታ ስታመጣ ትዝ ይለኛል። ከአሥራ አንዱ ሴቶች አንዷም የሥጋ ዘመዷ አልነበረችም።

ይህን የማነሣው ለትዝታ ያህል አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ቅኔና ስለ ሰም-ለበስ ንግግር ስንወያይ የማላልፈው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው «ሰምና ወርቅ»። ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ያጠና ሰው ነው። የደረሰበትን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ አማራው ግለኛ ነው፣ ከቤተሰቡና ከአለቃው ወዲያ ለጋራ ጉዳይ አብሮ የመቆም ልማዱ ደካማ ነው ይላል። ማኅበርንና ሰንበቴንም አልዘለላቸውም፤ ሆኖም ሚዛኑን አላነሡለትም። ለዓመታት ይህንን እያስነበብኩ ተማሪዎቼ ሲከራከሩበት ዝም ብዬ አዳምጥ ነበር። እናቴን ማሰብ የጀመርኩት ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ ነው፤ ምን ይደረግ!

የእኔ ጥርጣሬ ይህ ነው። ሌቪን የተቀመጠው ከገደሉ በላይ ነው። ከላይ ያለው ሰው በአያት በቅድመ አያቱ ርስት ላይ ተቀምጧል፤ ዘመድ አለው፣ ዘመዱም የርስት ባላንጣው ነው። ማኅበር ለእሱ ተጨማሪ ነገር ነው። ከመንዝ ጫፍ ቁልቁል የሚታየው ይፋት ውስጥ ግን ሰው ዘመዱን ላይ ትቶ ነው የወረደው። ሌቪን ከገደሉ በታች ቢቀመጥ ኖሮ ያንኑ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር? አይመስለኝም።

ጽዋ ማኅበር መቼ ተጀመረ ብሎ ቀን መቁረጥ አይቻልም። የማዕዱ ነገር ከሐዋርያት ዘመን ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች የገሠጻቸው አንዱ ጠግቦና ሰክሮ፣ ሌላው ተርቦ ከአንድ ጉባኤ ይነሣል ብሎ ነበር። በእኛ አገር መልክ የያዘው ግን ቅዱሳኑን በየወሩ ከማሰብ ጋር ተያይዞ ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም። እዚህ ላይ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እጅ ትልቅ ነው። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ሕዝቡ በሰንበትና በበዓል ተሰብስቦ እንዲማር ያዘዘ እሱ ነው። በተአምሩ ውስጥ ያለውን የበላኤ ሰብን ታሪክ የማያውቅ ማኅበርተኛ የለም፤ ያ ሁሉ ሰው የበላ ሰው የዳነው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። የጽዋው ሥነ መለኮት፣ እንዲህ ማለት ከተፈቀደልኝ፣ ይኸው ነው፤ በስሟ የተሰጠ ጥቂት ነገር አይናቅም።

የዘርዐ ያዕቆብን ነገር ካነሣን ደግሞ ደብረ ምጥማቅን መዝለል አይቻልም። ቦታው ሩቅ አይደለም፤ ተጉለት ነው፣ ከይፋት በላይ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ናት በማለታቸው ተወግዘው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሹመትና ክህነት ተገልለው ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1450 ንጉሡ ሁለቱን ወገን ደብረ ምጥማቅ ላይ አገናኘ። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የቅዳሜን ሰንበትነት ተቀበሉ፤ ኤዎስጣቴዎሳውያኑም ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። የታሪክ መምህራን ይህን የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ አድርገው ያስተምሩታል፤ ነውም። እኔ የማየው ግን ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ከአንድ ጽዋ ያልጠጡ ሰዎች በአንድ ቀን አብረው መቀደሳቸውን ነው። ይህ ነገር አልፎ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሲኖዶሱ የአገር ቤትና የስደት ተብሎ በተከፈለበት ዘመን በአሜሪካ ከተሞች ያሉ ምእመናን እዚህኛው ወይም እዚያኛው አጥቢያ ተብለው ተለያይተዋል። ዕርቁ የወረደው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ነው፤ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ክረምት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሃያ ሰባት ዓመት! ልጅ ተወልዶ ለማዕረግ ይደርሳል እኮ።

ከደብረ ምጥማቅ እስከ እናቴ ማኅበር ያለው ርቀት ግን ከሚመስለው ያጠረ ነው። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የተቀያየመ ሰው ጽዋውን አይቀምስም። አንድ ጊዜ እኛ ቤት ተራ ደርሶ ሁለት ማኅበርተኞች በአጥር ይሁን በዶሮ ተጣልተው መጡ። ቄሱ ከመባረካቸው በፊት እንደ ልማዳቸው «የተቀያየመ አለ?» አሉ። ዝም። ደግመው ጠየቁ። አንዷ አንገቷን ደፋች፣ ሌላዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቄሱ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ዳቦው ሳይቆረስ ጸሐይ ጠለቀች። እኛ ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለን ሆዳችን እየጮኸ የሁለቱን ሴቶች ፊት እናነብባለን። ሙሴዋ ተነሥታ አንዷን ወደ ጓዳ፣ ቄሱ ሌላዋን ወደ ደጅ ወሰዱ። በእግረ መንገድ፣ የማኅበር አለቃ «ሙሴ» የተባለው ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ የሚያጉረመርም ሕዝብ መምራት ስላለበት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ኩራዝ ከተለኮሰ በኋላ ሴቶቹ እግር ለእግር ተሳሳሙ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ከልብ ታረቁ ወይ? አላውቅም። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ሁለቱም መምጣት ነበረባቸው፤ በሚቀጥለውም። ተራ ያለበት ሰው እንደልቡ አይኳረፍም።

አሁን ደግሞ ማሩን ብቻ እየላስኩ እንዳልሄድ። ጽዋው የሚቀዳበትን ገንቦ ማን ሠራው? በገበያ ቀን ሸክላዋን አዝላ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። እናቴ ከእሷ በቀር ከሌላ አትገዛም፤ ጣቷ ልዩ ነው ትል ነበር። እሑድ እሑድም ቤተ ክርስቲያን አያታለሁ፤ ከቅጥሩ በር ሳታልፍ ተሳልማ ትመለሳለች። ማንም «የየት አገር ሰው ነሽ?» ብሏት አያውቅም። ለምን ወደ ሰንበቴው እንደማትገባ እናቴን ስጠይቃት «ዝም በል» ብቻ ነው ያለችኝ። መልሱን ያገኘሁት አድጌ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው በሰሜን ሸዋ ለዘመናት «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ከማዕድና ከጋብቻ የተገለለ ሕዝብ ነው። የማርያም ጽዋ የተቀዳው ማርያምን ከደጅ ተሳልማ በምትመለስ ሴት እጅ በተሠራ ገንቦ ነበር። ሌቪን ይህን ጠቅሶ ቢከራከረኝ መልስ አልነበረኝም።

ቤተ ክህነቷ ራሷ ምእመኑን በሕግ ማደራጀት የጀመረችው በቅርቡ ነው። ሰበካ ጉባኤ የሚቋቋምበት ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ ፈነዳ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያንም መሬት አብሮ ሄደ። ካህኑ ከመሬት ይኖር የነበረው ከዚያ በኋላ ከምእመኑ መዋጮ መኖር ግድ ሆነበት። ሰበካ ጉባኤው ባይኖር ኖሮ ስንቱ ደብር ይዘጋ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን የምእመኑና የደብሩ ግንኙነት በደረሰኝ ሆነ። ደረሰኝ ቆራጩ ስሜን ጽፎ ሳይጨርስ ይረሳዋል። ሰንበቴው ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላ ተቀናቃኝ መጣበት፤ የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራ ጀመር። እናቴና ጓደኞቿ ስብሰባው ላይ እጅ አውጥተው፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ደርሰው ዳቧቸውን ቆርሰው ይገቡ ነበር። አብዮቱ ሴቶቹን ሊያነቃ ሲደክም እነሱ ጌሾ ይወቅጣሉ።

ይፋት የክርስቲያን ብቻ አገር አይደለም፤ እንዲያውም በታሪክ መጽሐፍ ስሙ የሚነሣው በእስልምናው ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የያዘው በኢፋት ስም ነው፤ ዐፄ ዐምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የዘመተው በዚያው ላይ ነው። ሸዋን የጎበኙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ወደ አንኮበር ከመውጣታቸው በፊት ያረፉባት አልዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴ ከተማ ነበረች። እስከ ዛሬ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትንሽ ወረድ ሲሉም አፋሩ በአንድ ገበያ ይውላል። ከአጣዬ ወደ ከሚሴ ሲኬድ ያለችው ከተማ ስሟ ሰንበቴ ነው፤ ገበያዋም እሑድ፤ ብዙው ገበያተኛ ሙስሊም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያለውን ሰንበቴና ያንን ገበያ በአንድ ስም የጠራ ቋንቋ ምን ያህል ልቡ ሰፊ ነው!

ጽዋው ለሙስሊሙ አይሆንም፤ ግልጽ ነው። የጽዋው ልማድ ግን ከቅጥሩ ወጥቶ እድር ሆኗል እላለሁ። ስለ እድር አጀማመር ብዙ ተጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድሪያስ እሸቴ ገና እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ አገራችን የመረዳጃ ልማዶች ጽፈዋል። እኔ የማውቀው አባቴ በ1981 ዓ.ም. ሲሞት ያየሁትን ነው። ድንኳኑን ከተከሉት ግማሾቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ሥጋ ቢሆን የማን ቢላዋ ያርደዋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ነበር፤ ለለቅሶ ግን ንፍሮ ነው የሚቀርበው፣ ንፍሮ ደግሞ ሃይማኖት የለውም። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ተራው፣ ቅጣቱ ሁሉ የማኅበሩን ይመስላል፤ የቀረው ጽዋው ብቻ ነው።

እኔስ? እኔ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ባስቀደስኩበት ደብር ሰላም የምለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ነጠላዬን አጣፍቼ እገባለሁ፣ ጫማዬን ፈልጌ እወጣለሁ። ሊምና ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት ስለኔ የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ አዘውትሮ ቤተ እምነት የሚሄድ ሰው በኑሮው የሚረካው እዚያ ወዳጅ ካለው ነው፣ ከሌለው መመላለሱ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አያመጣለትም ይላል። እናቴ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋትም። በ1996 ዓ.ም. ስታርፍ ማኅበርተኞቿ ቦታዋ የልጇ ነው ብለው ላኩብኝ። ማኅበር ይወረሳል። ሁለት ዓመት ተራዬ ሲደርስ ገንዘብ ላክሁ፤ ከዚያ ተውኩት። ሥራ በዛ፣ መንገዱ ራቀ… ሰበብ ሞልቶ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ ካራቆሬና ሸዋ ሮቢት ሲታመሱ በቴሌቪዥን አየሁ። ስንት ዘመን በአንድ ገበያ የዋለ ሕዝብ! በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ የከተማው ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። ያኔ የእናቴን ማኅበርተኞች ማን ያውቃቸዋል ብዬ ስልክ ብፈልግ የአንዷም ቁጥር የለኝም።

ሄጄ ያገኘኋቸው ዓመት ቆይቶ ነው፣ በኅዳር ጽዮን፣ በ2015 ዓ.ም.። ሙሴዋ እናቴን ከሰንበቴው ደጃፍ ያናገሩት ሴት ልጅ ናቸው፤ እሳቸውም አርጅተዋል። ከቤት ሲወጡ የያዙት የማርያምን ሥዕልና የማኅበሩን ደብተር ነበር። «ደብተሩ ባይኖር ማን የት እንደገባ በምን እናውቅ ነበር?» አሉኝ፤ በስሙ እየጠሩ ከየመጠለያው አንድ በአንድ ፈላልገው ሰበሰቧቸው። ያን ዓመት የኅዳር ጽዮንን ያሰቡት ደብረ ብርሃን አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ጠላ ከየት ይመጣል? ቄሱ በሃይላንድ ጠርሙስ የመጣ ውኃ ባረኩ፤ በቆርኪው እየተቀበሉ ቀመሱ።

ደብተሩን ገለጡልኝ። የእናቴ ስም አልተሰረዘም፤ ከጎኑ «ልጇ» ተብሏል። ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ «ቀርቷል» የሚል ቃል።

«እማማ፣ ታዲያ ተራዬን ማን ያዘው?»

«እኛው እየተፈራረቅን። የማርያም ተራ ይቀራል እንዴ?»

ያለብኝን ልክፈል ብዬ ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝ። «ገንዘብ ማን ጠየቀህ? ሐምሌ 21 ና። ወባ አለ፣ አጎበር ይዘህ ና።»

ሄድኩ። ጠላውን እሳቸው ቤት ጠመቁልኝ፤ ዳቦውን ከእኅቴ ጋር ደፋን። ቤቱ በእናቴ ጓደኞችና በልጆቻቸው ሞላ። ቄሱ ወጣት ናቸው፤ ቆመው «የተቀያየመ አለ?» አሉ። ለወጉ የጠየቁ መስሎኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ከጥግ «አለ» አሉ፤ በጣታቸውም ወደ እኔ አመለከቱ። እናቴ በወባ ስትንገላታ አጥሚት ያመጡልን ሴት ናቸው። «ባሌ ሲሞት እንኳ አልመጣህም። ስምንት ዓመቱ ነው።»

ቄሱ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ሠላሳ ዓመት በንግግር የኖርኩ ሰው የምለው ጠፋኝ። ተነሥቼ ጉልበታቸው ላይ ስወድቅ ቶሎ አላነሡኝም፤ ማን ነግሮህ ነበር፣ ማን ሳይነግርህ ቀረ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። በሩ ላይ የተኮለኮሉት ልጆች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዱ ትንሽ ልጅ እናቱን «ዳቦው አሁን አይቆረስም?» ሲላት ሰማሁት።